እያየሁህ ነው

ቀለሜ «ያምራል» የሚለውን ቃል የለመደች ልጅ ነበረች። ስለ መልኳ አይደለም፤ ስለ እጅ ሥራዋ ነው። ስሙን ያወጡላት እናቷ ናቸው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አፍንጫዋን ከደብተር የማትነቅል፣ ለይቶላት ቀለሜ ስለነበረች። አድጋ ድረ ገጽ የምትነድፍ ባለሙያ ስትሆን፣ ቀኑን ሙሉ ከቀለም ጋር ስትውል፣ ስሙ ሁለት ጊዜ ልክ ሆነ።

በዚያ ሰሞን የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር «ደራሽ» የሚባል የስልክ አፕ አሠርቶ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። መሰላል የቸገረው፣ እናቱን ክሊኒክ የሚያደርስለት ያጣ፣ ለልጁ ሒሳብ የሚያስረዳለት የሚፈልግ በስልኩ ይጠይቃል፤ ከጎረቤት የቻለው «መጣሁ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። አፑ ተሠርቶ አለቀ፣ ሰው ግን አላወቀውም። ስለዚህ ሰዉ ገብቶ የሚያነብበት፣ የሚመዘገብበት፣ ስልኩ አፑን የማይቀበልለትም እዚያው የሚጠይቅበት ድረ ገጽ አስፈለገ። ሥራው ለቀለሜ ተሰጠ።

ሦስት ሳምንት ለፋችበት። በነጭ ላይ ስስ ግራጫ ፊደል፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚንሸራተቱ ትልልቅ ፎቶዎች፣ ጣት ሲያርፍባቸው ብቻ ብቅ የሚሉ ቁልፎች። ጡረታ የወጡት ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም አባቷ ስልካቸው ላይ አየት አድርገው «ግሩም ነው ልጄ» አሏት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ቆዩ። እሳቸው አርባ ዓመት ያስተማሩ መምህርት ናቸው፤ ማለፊያ ያላገኘ ደብተር ሲመልሱ እንኳን አይጮኹም።

«ያምራል» አሉ። «ለማን እንደሠራሽው ነው ያልገባኝ። አንድ ሰው እልክልሻለሁ።»

የላኩት ሰው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ሱቅ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቢሮዋ መጣ። በነጭ በትሩ የበሩን ደፍ መታ አድርጎ ገባ። የሆስፒታሉ የስልክ ኦፕሬተር ነው። አራት መቶውን የውስጥ መስመር በቃሉ ስለሚያውቅ ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ከ«ኦፕሬተሩ» ሌላ ስም ያለው አይመስላቸውም። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ አያይም። ተቀመጠ፣ ስልኩን አወጣ፣ ገጹን ከፈተ። ስልኩ በሚጣደፍ ድምፅ ማንበብ ጀመረ።

«ምስል። ምስል። ቁልፍ። ምስል። ቁልፍ። ቁልፍ።»

«ምን እያለ ነው?» አለች ቀለሜ።

«እርስዎ የሠሩትን ነው የሚያነበው» አላት። «ፎቶዎች አሉ፤ የምን እንደሆኑ አይናገሩም። ቁልፎች አሉ፤ ምን እንደሚከፍቱ አይታወቅም። አንዱን ልጫነው?» ተጫነው። «ቁልፍ» አለ ስልኩ፣ እንደገና። ሰውየው ፈገግ አለ። «ቤትዎ የሚያምር ይመስለኛል። እኔ በሩን ነው ያጣሁት።»

ቀለሜ ፊቷ ጋለ። ይቅርታ ጠይቃ ወጣች፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፈተችና ቆመች። ሦስት ሳምንት! ደግሞ እኮ ሰውየው ትክክል ነው፤ ያናደዳትም ትክክል መሆኑ ነው። ስትመለስ ሰውየው እንደነበረ ተቀምጧል፤ በትሩን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ፣ ሊሄድ ያልቸኮለ እንግዳ ይመስላል።

«ከየት እንጀምር?» አለችው።

«ከበሩ» አላት።

ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ደረቷ ቅልል ብሏት ነበር።

* * *

ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ፣ የጠዋት ፈረቃውን ሲጨርስ፣ መምጣቱን ለመደ። አምስት ሳምንት ሠሩ። እያንዳንዱ ቁልፍ ስም ወጣለት፦ «እርዳታ ጠይቅ»፣ «መጣሁ»፣ «ወደ ኋላ ተመለስ»። የሚንሸራተቱት ፎቶዎች ቆሙ፤ የሽማግሌ ዓይን ሮጦ አይደርስባቸውምና። ግራጫው ፊደል ጠቆረ፣ ሰፋ፤ የፈለገ እንዲያሳድገው ሆነ። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ቁልፎቹ ወፈሩ፣ ተራራቁ። ቀለሜ ዓይኗን በሻርፕ አስራ በገዛ ድረ ገጿ ላይ ስትንከራተት ኦፕሬተሩ አጠገቧ ተቀምጦ ይስቃል። «ወደ ግራ ነው እንዴ? እኔ እኮ አላይም፣ ምን አውቄ!» ይላታል።

ከሁሉ የከበዳት የፎቶ መግለጫ ነው። ማየት ለማይችል ሰው ስልኩ የሚያነብለት፣ ፎቶው ሥር የሚጻፍ አጭር ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ ላይ «ሴትዮ» ብላ ጻፈች። ቀጥላ የሴትዮዋን የቀሚስ ቀለም፣ የአጥሩን ዓይነት፣ የደመናውን ብዛት ሁሉ ዘረገፈችው።

«ሁሉን አትንገሪኝ» አላት ኦፕሬተሩ። እርስዎ መባባሉ መቼ እንደቀረ ሁለቱም ልብ አላሉትም። «አንቺ ስታዪው መጀመሪያ ልብሽ ላይ የሚያርፈውን ንገሪኝ።»

አሰበችበት። «አንዲት አሮጊት የጎረቤታቸውን መሰላል በሁለት እጃቸው ደግፈው ወደ ላይ እያዩ ነው። የወጣው ሰው አይታይም፤ እሳቸው ግን ተጨንቀውለታል።»

«አሁን አየኋቸው» አላት።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ፎቶ የምትጽፈው ለሕዝብ ይመስላል፤ የምትጽፈው ግን ለአንድ ሰው ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛውን እኩል ከፍላዋለች፣ ኦፕሬተሩ የምዝገባውን ቅጽ እየሞከረ ነበር። አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ነው የሚያዳምጠው፤ ነገሩ ሲገባው ቅንድቡ ከፍ ይላል። ቀለሜ ያንን ቅንድብ እየጠበቀች መሆኗን ድንገት ልብ አለችው። የማያይሽን ሰው እንደ ልብሽ ማየት የሰው ኪስ ውስጥ እጅ እንደ መክተት ሆነባት።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። «እያየሁህ ነው። ሳልነግርህ ማየቴ ደስ አላለኝም።»

«አውቃለሁ» አላት።

«እንዴት?»

«ኪቦርዱ ዝም ይላል።»

ቀለሜ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። «ስንት ጊዜ ዝም አለ?»

«ዛሬ ነው ወይስ ከጀመርን ወዲህ?» አላት ኦፕሬተሩ፤ ቅንድቡም ከፍ አለ። ክፍሉ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ሙቀት ገባ።

* * *

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የቀለሜ ወለምታ የመጣው በስድስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት ነው።

እናቷ የጥርስ ቀጠሮ ነበራቸውና እግረ መንገዳቸውን ሊወስዷት መጡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ገና ከደረጃው ላይ ሆነው ሁለቱን አዩ፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አጠገብ ላጠገብ የሆኑ ሁለት ወንበሮች፣ አንድ የጋራ ሳቅ። እናት አይደሉ? አንድ እይታ በቃቸው። ቀለሜን ወደ ደረጃው ጠሯት።

«ማነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የሆስፒታሉ ኦፕሬተር ነው እማዬ።»

«አባትሽ ይሠሩበት የነበረው? የስልኩ ልጅ?» በትሩን በበሩ ክፍተት አዩት። «ቀለሜ፣ እኔን እዪኝ። ነገር አለ እንዴ?»

አዎ ልትል ትችል ነበር። አላውቅም ማለትም አንድ ነገር ነው። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷን ከማስደንገጥ መዋሸት የሚቀላት ነበረችና፣ ሳቅ ብላ «እማዬ ደግሞ! ድረ ገጹን የሚሞክርልን ዓይነ ስውር ተጠቃሚ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?» አለች።

እናቷ ተነፈሱ። ቀለሜም ቦርሳዋን ልታመጣ ገባች። ኦፕሬተሩ ተነሥቶ በትሩን ይዟል። በሩ ገርበብ እንዳለ መሆኑን ረስታዋለች፤ እሱ ግን ሁሉን ሰምቷል፤ እንጀራው ጆሮው ነው።

«ልትሄድ ነው?» አለችው።

«አዎ። ፈተናው አልቋል መሰለኝ» አላት፣ በትሕትና። የትሕትናው ልክ ነው ያስደነገጣት።

ሐሙስ አልመጣም። በሚቀጥለውም ማክሰኞ አልመጣም። ዓርብ ዕለት ኢሜይል ደረሳት።

«የተከበሩ የድረ ገጽ ባለሙያ፣» ይላል። «የመጨረሻውን ሙከራ በቤቴ ሆኜ ጨርሻለሁ። የምዝገባው ቅጽ በትክክል ይሠራል። የስልክ ቁጥር ሲሳሳቱ የሚመጣው መልእክት ግልጽ ነው። ቁልፎቹ ሁሉ ስም አላቸው። ከታች ‹የረዱን ሰዎች› በሚለው ገጽ ላይ ሌሎቹ ሁሉ በየሙያቸውና በየጠባያቸው ተገልጸዋል፤ ከእኔ ፎቶ ሥር ያለው መግለጫ ‹ዓይነ ስውር ተጠቃሚ› ይላል። ስሕተት የለበትም፤ ይቆይ። ስላሳዩኝ ትብብር አመሰግንዎታለሁ።»

መግለጫውን የጻፈችው በመጀመሪያው ሳምንት፣ እሱን ገና ሳታውቀው፣ በችኮላ ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ፎቶ ስታስተካክል ያንን አልነካችውም። የእሱን መጻፍ ስለፈራች እያለፈችው ነው የቆየችው፤ የልቧን ብትጽፍ ሰው ሁሉ ሊሰማው ነው። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከቃላቱ ሁሉ የወጋት «አመሰግንዎታለሁ» የሚለው ነው። ያቺ አንዲት «ዎ»! በአምስት ሳምንት ያፈረሱትን አጥር በአንዲት ፊደል መልሶ አጠረው።

ወዲያው ወደ ሆስፒታሉ ደወለች።

«ሆስፒታል፣ ጤና ይስጥልኝ፤ ከማን ጋር ላገናኝዎ?» አለ ያ ድምፅ።

«ከአንተ ጋር።»

በስተጀርባው ሌሎች ስልኮች ይጮኻሉ።

«መስመሩ ተይዟል» አላት።

«እጠብቃለሁ።»

«አይጠብቁ» አለ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። «የእርስዎን መስመር በያዝኩ ቁጥር አንድ የታመመ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ስልኩን የዘጋችው እሷ ናት፤ የተዘጋው ግን በእሷ ላይ መሰላት።

* * *

እሑድ ምሳ ላይ ቀለሜ ሹካዋን ሳህኑ ላይ እያንቀሳቀሰች አልበላ አላት። እናቷ ጥቂት ሲያዩዋት ቆዩና ወደ ወጥ ቤት ጠሯት።

«ያ ልጅ ነው አይደል?» አሏት።

«ነው እማዬ። ዋሽቼሻለሁ። ሰምቶኝ ሄደ። እወደዋለሁ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። እናቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ይቆጣሉ ብላ ስትጠብቅ አልተቆጡም፤ ፊታቸው ላይ ያየችው ድካም ነው።

«እኔ ክፉ አይደለሁም ልጄ» አሉ። «ድሀ ነው ብዬም አይደለም። አባትሽን ተመልከቺ። ዓይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመቱ ነው። ለማንም እንዳይነገር ብለው አስምለውኛል። የመድኃኒቱን ወረቀት የማነብላቸው እኔ ነኝ። ሰው ፊት እጃቸውን ይዤ የምሄደው በፍቅር ይመስላል፤ እንዳይሰናከሉ ነው እንጂ። ይደክማል ቀለሜ። እኔ በስልሳ ዓመቴ ነው የገባሁበት። አንቺ ገና በሃያ ዘጠኝ ዓመትሽ?»

«በፍቅር አልነበረም እንዴ?»

ሁለቱም ዞር አሉ። አባቷ የወጥ ቤቱን በር ተደግፈው ቆመዋል። ስንት ዘመን ሰው ያዳኑት እጆቻቸው በሩን እንደ ምርኩዝ ይዘውታል።

እናቷ አፋቸውን ያዙ። «እ… በፍቅርም ነው እንጂ! አንተ ደግሞ! ደከመኝ አልኩ እንጂ ሌላ ሰው ይያዝልኝ አልኩ? እስቲ ሌላ ሰው ይያዝህና ያየኛል!» አሉና እንባቸው መጣ። ይህን ብለው የገዛ ክርክራቸውን ራሳቸው አፈረሱት፤ እሳቸውም ሳይገባቸው አልቀረም፣ ጎምበስ ብለው በሽርጣቸው ፊታቸውን ጠረጉ።

አባቷ ወንበር እየዳሰሱ መጥተው ተቀመጡ። «ቀለሜ፣ የመጀመሪያውን ድረ ገጽሽን ግሩም ነው ያልኩሽ ሳላነበው ነው» አሏት። «አንዲት ፊደል አልታየኝም ነበር። ትናንት የላክሽልኝን ግን አነበብኩት። ፊደሉን አሳደግሁት፤ አልተበተነብኝም። እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ማነው እንዲህ ያስተካከለው?»

«የሆስፒታሉ ኦፕሬተር ነው አባዬ።»

«ጡረታ እስክወጣ ስምንት ዓመት ሙሉ ድምፁን ሰምቻለሁ» አሉ አዛውንቱ። «‹ይጠብቁ ዶክተር› ይለኛል። ሰው በእጄ ላይ ሲሞት ከቤተሰቡ ጋር የሚያገናኘኝ እሱ ነበር። አንድ ቀን ‹አይዞዎት ዶክተር› ብሎኝ ያውቃል። ስሙን ጠይቄው አላውቅም።»

ቀለሜ የአባቷን ኀፍረት አይታ አታውቅም ነበር፤ የእሷኑ ኀፍረት ይመስል ነበር።

እናቷ ተነሥተው ሳህኖቹን ማንሣት ጀመሩ። «እኔ አልፈቀድኩም» አሉ ጀርባቸውን ሰጥተው። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «አልከለከልኩምም» አሉ።

* * *

ድረ ገጹ የሚከፈተው ቅዳሜ ጠዋት በማኅበሩ አዳራሽ ነበር። ሰማንያ ያህል ሰው መጣ፤ ብዙዎቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች። ኦፕሬተሩም መጣ፤ ለሊቀ መንበሯ ቃል ሰጥቷልና ቃሉን አያጥፍም። ለቀለሜ «እንደምን አደሩ» ብሏት አለፈ። እሷም በቆመችበት ቀረች።

መድረኩ ላይ ወጥቶ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ አብረን እንግባ» አለ። ስልኩ ለአዳራሹ ሁሉ አነበበ፦ «ደራሽ። ጎረቤት ለጎረቤት። ቁልፍ፣ እርዳታ ጠይቅ።» ቀጥሎ ፎቶው መጣ፦ «አንዲት አሮጊት የጎረቤታቸውን መሰላል በሁለት እጃቸው ደግፈው…» ከመሃል አንዲት ሴት «ውይ፣ እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«እንግዲህ» አሉ ሊቀ መንበሯ፣ «የመጀመሪያውን ጥያቄ ማን ያቅርብ?»

ሳቁ ቆመ። ሰው ሁሉ እግሩን ማየት ጀመረ። መርዳት ማን ይጠላል? መለመን ነው የሚከብደው። ሊቀ መንበሯ ጠበቁ። ቀለሜ የወራት ሥራዋ በአንድ ዝምታ ውስጥ ሲሰጥም ታያት።

ያኔ ስልኩ ድንገት ተናገረ።

«አዲስ ጥያቄ። ከጡረተኛ ሐኪም። ዓይኔ ደክሟል። እስከ ዛሬ ደብቄዋለሁ። ስልኬ እንዲያነብልኝ የሚያስተምረኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ቀለሜ ዞር አለች። አባቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስልካቸውን ፊታቸው ድረስ አስጠግተው ተቀምጠዋል፤ እናቷ ክንዳቸውን ይዘዋል። ኦፕሬተሩ ጣቱን ስልኩ ላይ አሳረፈ።

«መጣሁ» አለ ስልኩ።

አባቷ ተነሡ። «እዚህ ነኝ» አሉ።

የኦፕሬተሩ ፊት ተለወጠ። «ዶክተር?»

«እኔ ነኝ። ስምህን ግን አላውቅም ልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ማን ልበልህ?»

ነገራቸው። አዛውንቱ ስሙን ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ እንዳይረሱት። ከዚያ በኋላ የአዳራሹ ስልክ ሁሉ እንደ ወፍ መንጫጫት ጀመረ፤ ሐኪሙ ካላፈሩ ማን ያፍራል? ቀለሜ መጋረጃው ጥግ ተሸሽጋ አለቀሰች። ደስታ ይሁን ጸጸት መለየት አቃታት።

* * *

ሰዉ ከአዳራሹ ሲወጣ እናቷ ወደ ኦፕሬተሩ ሄዱ። ቀለሜ ከሩቅ ሆና እጇን ጨብጣ ቆመች።

«እኔ እናቷ ነኝ» አሉት። «ያን ዕለት ደረጃው ላይ…»

«ድምፅዎን አውቄዋለሁ እትዬ።»

«ማክሰኞ ለትምህርቱ ትመጣለህ አይደል? የቤታችን ደረጃ አሥራ አራት ነው። መጨረሻው ከሌሎቹ አጠር ይላል፤ እሱን ጠንቀቅ በል።»

«እጠነቀቃለሁ» አለ ኦፕሬተሩ።

እናቷ በቀለሜ አጠገብ ሲያልፉ አላዩዋትም፤ እጃቸውን ግን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው አነሡ።

አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ሁለቱና ወና ወንበሮቹ ነበሩ። ቀለሜ ሦስት እርምጃ ያህል ቀርባ ቆመች።

«መግለጫው ስሕተት የለበትም ብለሃል» አለችው። «ፎቶው ነው ስሕተቱ። ያ ፎቶ ሲነሣ ሁለት ሰዎች ነበርን። እኔ ከጎንህ ነበርኩ። ራሴን ቆርጬ አወጣሁ።»

«መቼ?»

«እናቴ የመጣች ቀን። ከጥርስ ሐኪሙ ተመልሼ። አንድ ሰው አይቶ እንዳይጠይቀኝ።»

ኦፕሬተሩ በትሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ይሄን ባትነግሪኝ ኖሮ መቼም አላውቀውም ነበር።»

«ለዚህ ነው የምነግርህ።» ድምፏ ተንቀጠቀጠ፤ ልታረጋጋው አልሞከረችም። «አንተ በማታየው ነገር ልዋሽህ አልችልም። አንዴ ዋሸሁ፤ አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ መተንፈስ አቃተኝ። ፈሪ ነኝ። እናቴን ፈራሁ፣ ሰው ምን ይላል ብዬ ፈራሁ። ለአንተ ግን አንድ ቀን እንኳ አዝኜልህ አላውቅም። እወድሃለሁ፤ ስልክህ ‹ምስል፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ› ካለበት ቀን ጀምሮ።»

የቅንድቡን መነሣት ጠበቀች፤ አልተነሣም።

«ታውቂያለሽ» አለ በመጨረሻ፣ «ቀኑን ሙሉ ሥራዬ ድምፅ መስማት ነው። ሰው ‹እባክህ› ከማለቱ በፊት ምን እንደያዘው አውቃለሁ። አዘኔታን ደግሞ ከሁሉ በፊት ነው የምለየው፤ ይጣፍጣል፣ ግን ይከብዳል። በአንቺ ድምፅ ውስጥ አምስት ሳምንት ፈለግሁት፤ አጣሁት። ለዚህ ነው ያቺ የደረጃ ላይ ሳቅሽ የሰበረችኝ። ‹ተሳስቼ ኖሮ ነው› አልኩ። ጆሮዬን ነው ያሳጣሽኝ፣ ቀለሜ። እኔ ደግሞ ከእሱ ሌላ የለኝም።»

«አልተሳሳትክም» አለች በሹክሹክታ። «ያን ዕለት የዋሸሁት እናቴን ነው።»

ከውጭ የአባቷ ሳቅ ተሰማ፤ ለአንድ ሰው ስለ ስልካቸው እየነገሩ ነው። ኦፕሬተሩ ጥቂት ያንን አዳመጠ። ፊቱ ሲላላ አየችው፤ መጀመሪያ ግንባሩ፣ ቀስ ብሎም ከንፈሩ።

«ፊትሽን ልዳስስ አልልሽም» አላት። «እሱ ፊልም ላይ ነው። እጅሽን ግን ብትሰጪኝ…»

ሰጠችው። ያን ሁሉ ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነክቷት አያውቅም ነበር። መዳፉ ሞቃት ነው፤ ጣቶቹ ጣቶቿን አንድ በአንድ አገኟቸው፣ ያዟቸው፣ እዚያው ቀሩ።

«ዝም አልሽ» አላት።

«እያለቀስኩ ነው።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ። ሌላስ?»

«እየሳቅሁም ነው።»

«ጥሩ» አለ ኦፕሬተሩ። «ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።» ቀጥሎ የተናገረው ለጆሮዋ ብቻ ነበርና እዚህ አይጻፍም።

እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ወደ በሩ ሄዱ። ደጁ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ገና አልተበተነም፤ በቡድን በቡድን ቆሞ ያወራል። ሲወጡ ወሬው ጋብ አለ። ራሶች ዞሩ፣ ክርኖች ክርኖችን ነካኩ። ቀለሜ እጇን ልታላቅቅ ትችል ነበር። ሁሉም እያየ ነበር። ይየን፣ አለች በልቧ፤ እጁንም ይበልጥ ጠበቅ አደረገችው።